ሰኔ 30 ሳይደርስ፦ የአንባቢያን የግብር ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የግለሰብ ነጋዴና የአከራይ የግብር ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው የሚያወሩት ስለ ሐምሌ ወረፋ ነው፤ እኛ ግን በግንቦትና በሰኔ ላይ እናተኩራለን። ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ ያለውን ወረቀት መደርደር ይቻላል፣ ያልነበረውን መፍጠር ግን አይቻልም። ጥያቄዎቹን አሳጥረናል፣ የጠያቂዎቹንም ስም አውጥተናል።

ከደሴ፣ ሸዋ በር

«ጤና ይስጥልን። የቤት ዕቃና የፕላስቲክ ውጤቶች ነጋዴ ነኝ፤ ደረጃ ሀ ነኝ (የሒሳብ መጽሐፍ የመያዝ ግዴታ አለብኝ)፣ ቫትም (ተጨማሪ እሴት ታክስ) ተመዝግቤያለሁ። ደረሰኙን ሁሉ በፌስታል እያደረግሁ ባንኮኒው ሥር አስቀምጣለሁ። ዓምና ሒሳብ ሠራተኛው ጋ የወሰድሁት መስከረም መጨረሻ ላይ ነበር። ግማሹ አይነበብም ብሎ መለሰልኝ። ዘንድሮ ከምን ልጀምር?»

ከፌስታሉ ይጀምሩ። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በቀለም አይታተምም፤ ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው ነው የሚጠቁረው። ስለዚህ ሙቀት፣ ፀሐይና ፕላስቲክ ጽሑፉን ያጠፉታል። ፌስታልም ሆነ የላስቲክ ኪስ ያለው ፋይል ለወራት ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ሲቆይ ጽሑፉን እየመጠጠ ያደበዝዘዋል። ቁጥሩ ላይ የተለጠፈ ስኮችም እንዲሁ። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በተለይ ቆላ በምትለው ኮምቦልቻ፣ ችግሩ ይብሳል።

ዛሬውኑ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ያፍስሱና የደበዘዙትን ለብቻ ይለዩ። የሚነበቡትን አራት አራቱን በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ፎቶ ኮፒ ያስነሡ፤ ዋናውን ከኮፒው ጀርባ ባዶው ጠርዝ ላይ ይስፉት። ኮፒ የሚያስፈልገው ለማንበብ ነው፣ ዋናውን አይተካም፤ ስለዚህ ዋናው ባዶ ወረቀት ቢሆን እንኳ አይጣል። በስልክም ፎቶ ያንሡና ከሱቁ ውጭ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። በ2014 ሱቃቸው የተዘረፈባቸው የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴዎች ይህን ምክር ያለ ማብራሪያ ይረዱታል። ጭራሽ ለጠፋው ደረሰኝ ደግሞ ሻጩን የደረሰኙን ቁጥር፣ ቀኑንና ዋጋውን የያዘ ማኅተም ያለበት ማረጋገጫ ይጠይቁ። ይቀበሉታል ብለን ዋስትና አንሰጥም፤ ከባዶ ወረቀት ግን ይሻላል። ሻጩም ይህን የሚያደርገው አሁን እንጂ የራሱ ጣጣ በሚበዛበት በጥቅምት አይደለም።

ቀጥሎ እያንዳንዱን የግዢ ደረሰኝ በዓይን ይፈትሹ። የሻጩ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር)፣ የማሽኑ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የእርስዎ ስምና ዐሥር አኃዝ ያለው ቲንዎ አለ? የገዢ ስም ባዶ የሆነ ደረሰኝ ማንም ሊጠቀምበት የሚችል ስለሆነ ኦዲተር በቀላሉ ይጥለዋል። ከአዲስ አበባ መርካቶ ዕቃ ሲያስጭኑ «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» የሚል ነጋዴ አይጠፋም፤ ቅናሹ ግን ኪሳራ ነው። ዕቃው ያለ ደረሰኝ ገብቶ በደረሰኝ ሲሸጥ ሒሳቡ ላይ ግዢ የለም፣ ሽያጭ ብቻ አለ፤ ስለዚህ የሽያጩ ዋጋ በሙሉ ትርፍ ሆኖ ይሰላል። የጎደለውን ለመሙላት ደረሰኝ መግዛት ደግሞ ወንጀል ነው፤ እሱን እዚህ አንማከርም።

ከዚያ ዐሥራ ሁለት ትልልቅ ፖስታ ይግዙና ከሐምሌ እስከ ሰኔ በየወሩ ይለዩ። በእያንዳንዱ ፖስታ ውስጥ ግዢውን በአንድ ክሊፕ፣ ወጪውን (ኪራይ፣ መብራት፣ ጭነት፣ ደመወዝ) በሌላ ክሊፕ ይያዙ። ለመሥሪያ ቤት ወይም ለትምህርት ቤት ሸጠው ተቀናሽ የተደረገበት የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ካለ ግን ፖስታ ውስጥ አይክተቱት፤ ለብቻው ይቀመጥ። እሱ ወጪ አይደለም፣ አስቀድሞ የከፈሉት ግብር ነው፤ ከዓመቱ ግብር ላይ በቀጥታ ይቀነስልዎታል። ብዙ ነጋዴ ገንዘቡ ተቀንሶበት ወረቀቱን ሳይቀበል ይቀራል። የከፋዩን ሒሳብ ክፍል ለመጠየቅ ከሰኔ የተሻለ ጊዜ የለም፤ እነሱም በጀት ሊዘጉ መዝገቡን ገልጠው የሚቀመጡት በሰኔ ነው።

ፖስታው ሲሞላ የሽያጩን ጎን ያስተያዩ። የማሽኑ የዜድ ሪፖርት (ቀኑ ሲዘጋ የሚታተመው የሽያጭ ድምር) የወሩ ድምር፣ በየወሩ ለቫት ካሳወቁት ሽያጭ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ የዐሥራ ሁለቱ ወር የቫት ማሳወቂያ ድምርም በዓመቱ ማሳወቂያ ላይ ከሚጽፉት ሽያጭ ጋር። ገቢዎች መጀመሪያ የሚያነጻጽረው ይህንን ነው። ልዩነት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ቫቱን ከሽያጩ ጋር ከመደባለቅ ነው፦ ደረሰኙ 1,150 ብር ቢል ሽያጩ 1,000 ነው፣ 150ው የመንግሥት ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ በእጅ ደረሰኝ የሸጡባቸው ቀናት ካሉም እነሱ ተረስተው ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንሂድ፤ የዕቃ ቆጠራ። ሰኔ 30 ማታ ሱቁ ሲዘጋ ሁለት ሰው ይቀመጥ፤ አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ይጻፍ። የዕቃው ስም፣ ብዛት፣ የተገዛበት ዋጋ (ቫት ሳይጨምር)፣ ድምር። የመሸጫ ዋጋ አይጻፍ። የተሰበረውን ባልዲና የተጣመመውን ድስት ለብቻ ዘርዝሩ። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ቀን ጻፉበት። ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር እንየው። ዓመቱ ሲጀምር 480,000 ብር ዕቃ ነበረዎት እንበል፤ በዓመቱ የ2,610,000 ብር ገዙ፣ የ2,940,000 ብር ሸጡ፣ መጨረሻ ላይ 560,000 ብር ዕቃ ቀረ። የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 480,000 ሲደመር 2,610,000 ሲቀነስ 560,000፣ ማለትም 2,530,000 ነው፤ ጥቅል ትርፉ 410,000 ይሆናል። ቆጠራው ከሌለ ግን የቀረው 560,000 ስለማይቀነስ ያው ሱቅ በወረቀት ላይ 150,000 ብር የከሰረ ይመስላል። ሰኔ 30 ላይ መደርደሪያው ሙሉ ሆኖ ሒሳቡ ኪሳራ የሚያሳይ ነጋዴን የሚያምን ኦዲተር የለም፤ የሚከተለው ገቢዎች ራሱ የሚሠራው ግምት ነው። በጥቅምት ተቆጥሮ ወደ ኋላ «የተስተካከለ» ቆጠራ ደግሞ ከግዢ ደረሰኞቹ ጋር ሲገጣጠም ይጋለጣል።

ሠራተኛ ካለዎት የደመወዝ ወረቀቱን አይርሱ። በወር 3,500 ብር ለሚከፈላት ሻጭ ከ2,000 በላይ ባለው 1,500 ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 225 ብር ግብር ቀንሰው ለገቢዎች ማስገባት አለብዎት። ያልተቀነሰበት ደመወዝ እንደ ወጪ ሲቀርብ ጥያቄ ያስነሣል፤ ግብሩም ከእርስዎ ይፈለጋል። የባንክ ብድር ካለ ደግሞ ወጪ የሚሆነው ወለዱ ብቻ ነው፣ ዋናው ዕዳ አይደለም፤ ሁለቱን የሚለይ ስቴትመንት ከባንኩ ያውጡ። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት አስቤዛ፣ የትራፊክም ሆነ የግብር ቅጣት ወጪ አይሆንም።

ደረጃ ሀ እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለው። ሆኖም ወረቀቱን ሐምሌ ላይ ያስረክቡ። መስከረም መጨረሻ የመጣ ደንበኛ ሒሳቡ የሚሠራለት በጥድፊያ ነው፣ ጥያቄ ለመጠየቅም ጊዜ የለም።

ከኮምቦልቻ

«አነስተኛ የሴቶች ልብስ ሱቅ አለችኝ፤ መጽሐፍ የሚይዝልኝ የለም። የባንክ ሒሳቤ አንድ ነው። ጥር ላይ ዕቁብ ወጥቶልኝ 300,000 ብር ገባ፣ ታናሽ እኅቴም ለእናታችን መድኃኒት እያለች ከሳዑዲ ትልካለች። ሁሉም እንደ ሽያጭ ይቆጠርብኛል ብለው አስፈራሩኝ። እውነት ነው?»

ዕቁብ የራስዎ ቁጠባ ነው፣ ገቢ አይደለም። ለእናት መድኃኒት የተላከ ገንዘብም ሽያጭ አይደለም። ያስፈራሩዎት ሰዎች ግን ከመሬት ተነሥተው አይደለም። መጽሐፍ የማይዝ ነጋዴ ግብሩ የሚሠራው ከሽያጩ መጠን ተነሥቶ ነው፤ የባንክ ሒሳብ የታየ እንደሆነ ደግሞ ስቴትመንቱ ላይ የሚታየው «ገባ» የሚል መስመር ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ መስመር ምክንያቱን የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። ጉዳዩ ደረጃንም ይነካል፦ በተሻሻለው አዋጅ 1395/2017 የደረጃ ሀ መነሻ 2 ሚሊዮን ብር ዓመታዊ ሽያጭ ነው። 1,800,000 የሸጠ ሰው ላይ 300,000 የዕቁብ ብር ቢደመር ሳይገባው መጽሐፍ የመያዝ ግዴታ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ባንክና ከቴሌብር ከሐምሌ 1 ጀምሮ ያለውን ስቴትመንት አሳትመው ያውጡ። በገቢው መስመር አጠገብ በእስክሪብቶ «ሽያጭ»፣ «ዕቁብ»፣ «እኅቴ»፣ «ከራሴ ወደ ራሴ» እያሉ ይጻፉ። የመጨረሻው በተለይ ይታለፋል፤ ደንበኛ በቴሌብር ከፍሎ ያንኑ ብር ወደ ባንክ ሲያዛውሩት አንዱ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ገብቶ ይታያል።

ለዕቁቡ ከጸሐፊው የተፈረመ ወረቀት ይያዙ፦ የአባላቱ ብዛት፣ ሳምንታዊው መዋጮ፣ የደረሰዎት ቀን። 60 ዕጣ በ5,000 ብር ከሆነ 300,000 ይመጣል፤ በየሳምንቱ የወጣው 5,000ም ከዚያው ስቴትመንት ላይ ይታያል። ሁለቱ ሲገጥሙ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። መዋጮውን ከመሳቢያ በጥሬው የሚከፍሉ ከሆነ ግን ይህ ማስረጃ የለዎትም፤ ከአሁን ጀምሮ በባንክ ወይም በቴሌብር ይክፈሉ። የዕቁብ ጸሐፊ ደብተሩን ዙሩ እንዳለቀ ሊጥለው ይችላልና ፊርማውን ዕቁቡ ሳይበተን ይቀበሉ። የእኅትዎን ገንዘብ በተመለከተ በባንክ የሚመጣው የላኪ ስም ያለበት ወረቀት አለው፤ በሰው እጅ የሚመጣው ምንም የለውም።

ለመጪው ዓመት ሌላ የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ፤ አንዱ ለሱቁ ብቻ ይሁን። ከዚያም ባለ መስመር ደብተር ገዝተው በየቀኑ ማታ አንድ መስመር ይጻፉ፦ ቀን፣ በጥሬ የተሸጠ፣ በባንክ፣ በቴሌብር፣ በዱቤ። ገበያ ቀዝቅዞ ሳይሸጡ የዋሉበትንም ቀን «ዜሮ» ብለው ይጻፉ፤ የቀን ገቢ ግምት ሲመጣ ክርክሩን የሚያግዘው እነዚህ ዜሮዎች ናቸው። አንድ ቀን ተቀምጠው በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት የዓመቱን አይሙሉት፤ ያስታውቃል።

ግምቱ በዝቶብኛል ካሉ የውሳኔ ማስታወቂያው ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ቅሬታ ያቅርቡ። በቃል ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ መከራከር ቀኑን አያቆምም። ማስታወቂያውን ሲቀበሉ የተቀበሉበትን ቀን ጠርዙ ላይ ይጻፉ፤ ቅሬታውን ሲያስገቡም የመዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ ይዘው ይውጡ።

ከኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ

«ደመወዜ 12,000 ብር ነው። ግብር ይቆረጥብኛል። ሐምሌ ላይ የማደርገው ነገር አለ?»

ሌላ ገቢ ከሌለዎት ወረፋ መያዝ አያስፈልግዎትም፤ ቀጣሪዎ በየወሩ ቀንሶ ያስገባል። ትክክል መቀነሱን ግን ራስዎ ያስሉት። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፤ እስከ 4,000 ባለው 15፣ እስከ 7,000 ባለው 20፣ እስከ 10,000 ባለው 25፣ እስከ 14,000 ባለው 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ይቆረጣል። በእርስዎ ደመወዝ 300፣ 600፣ 750 እና 600 ሲደመር 2,250 ብር ይመጣል። በአቋራጭ፦ 12,000 በ30 በመቶ 3,600 ነው፤ ከዚያ ለዚህ እርከን የተቀመጠው 1,350 ይቀነሳል። የጡረታው 7 በመቶ 840 ብር ነው። ግብሩ ከጡረታ መዋጮው በፊት ባለው ደመወዝ ላይ እንደሚሰላ ያስተውሉ። እጅዎ የሚገባው 8,910 ብር ነው። ትርፍ ሰዓትና ቦነስ ባለበት ወር ቁጥሩ ይቀየራል፤ ጭማሪው የሚደመረው ደመወዙ ላይ ስለሆነ ከፍ ያለው መቶኛ ያገኘዋል። የክፍያ ወረቀቱን በየወሩ ይያዙ፤ ለባንክ ብድርም ሥራ ለመቀየርም ይጠየቃሉ።

ከደሴ፣ ጡረታ የወጡ መምህር

«ልጆቼ፣ ግቢዬ ውስጥ ሦስት ሰርቪስ ቤት አከራያለሁ። አንዱ ለአምስት ወር ባዶ ነበር፣ በሌላው ተከራዩ ወለሉን በራሱ ወጪ ሴራሚክ አልብሶታል። የዚህን ግብር እንዴት አድርጌ ላቅርብ?»

መምህር፣ የጡረታ አበልዎ ግብር የለበትም፤ ኪራዩ ግን ለብቻው፣ በሠንጠረዥ ለ (የኪራይ ገቢ ግብር በሚሰላበት ክፍል)፣ ይታያል።

ባዶ የነበረው ቤት የሚታመነው ተከራዩ በለቀቀ ጊዜ የተጻፈ ወረቀት ሲኖር ነው። የመልቀቂያ ቀን ያለበት፣ የተከራዩ ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ከሌለዎት የቀድሞውን ተከራይ አሁኑኑ ፈልገው ያስፈርሙ፤ የዚያን ቤት የመብራት ፍጆታ የሚያሳይ ለብቻው ቆጣሪ ካለም ያያይዙት። ሐምሌ ላይ «ባዶ ነበር» ብሎ በቃል መናገር አይጠቅምም። ከእንግዲህ ቤት ሲለቀቅ በሳምንቱ ለገቢዎች ደብዳቤ ያስገቡ።

ሴራሚኩ ብዙ አከራይ የማያውቀው ነገር ነው። ተከራይ ከኪራዩ በተጨማሪ በራሱ ወጪ ቤቱን ሲያሻሽል ሕጉ የወጪውን ዋጋ የአከራይ ገቢ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ስንት እንዳወጣ የሚያሳየውን ደረሰኝ ኮፒ ይያዙ፤ ካልያዙ ዋጋው በግምት ይወሰናል። ወለሉ ከኪራይ ታስቦ ከሆነ፣ ማለትም ሁለት ወር ሳይከፍል የተቀመጠበት ከሆነ፣ በውል ላይ ይጻፍ፤ አለዚያ ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል።

ውልዎ ላይ «ውሃና መብራትን ጨምሮ 4,000 ብር» የሚል ካለ ሙሉው 4,000 ኪራይ ይሆንብዎታል። ሲያድሱ ኪራዩን ለብቻ ያጽፉ፤ ውሃና መብራቱን ተከራዩ በቆጣሪው ልክ ይክፈል። የጣሪያና ግድግዳ ግብር የከፈሉበትንም ደረሰኝ ከፋይሉ አይለዩት።

ከደሴ፣ የወንዶች ፀጉር ቤት

«ዘንድሮ ሥራ አልነበረም፤ ግብሩን ሐምሌ ላይ የምከፍልበት ገንዘብ የለኝም። ገንዘብ እስካገኝ ሳላሳውቅ ብቆይ አይሻልም?»

አይሻልም፤ ከሁሉም የሚከፋው እሱ ነው። ማሳወቅና መክፈል ሁለት ግዴታዎች ናቸው፣ ቅጣታቸውም ለየብቻ ነው። ሳያሳውቁ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ወር ካልተከፈለው ግብር 5 በመቶ ይጨመራል፣ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል፤ ዝቅተኛ ወለልም ስላለው ለትንሽ ግብር ከፋይ ቅጣቱ ግብሩን ሊያህል ይችላል። ዘግይቶ መክፈል ደግሞ የመጀመሪያው ወር 5፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ ነው። 20,000 ብር ግብር በጊዜው አሳውቀው ሦስት ወር ዘግይተው ቢከፍሉ 9 በመቶ፣ ማለትም 1,800 ብርና ወለዱን ይከፍላሉ። ይህ ያማል፣ ግን ይቻላል። ሳያሳውቁ መቆየቱ ግን ሌላውን ቅጣትም ይጨምርበታል።

ስለዚህ በጊዜው ያሳውቁ፤ የእርስዎን ዓይነት አነስተኛ ሥራ ያለው ሰው ሐምሌን የመጨረሻ ወሩ አድርጎ ቢይዝ ይሻላል። በዚያው ቀን ግብሩን በየጊዜው ከፍሎ ለመጨረስ በጽሑፍ ያመልክቱ። ማመልከቻው ላይ «አቅም የለኝም» ብቻ አይጻፉ፤ ዛሬ ስንት እንደሚከፍሉ፣ የቀረውን በየትኛው ወር ስንት ስንት አድርገው እንደሚጨርሱ ይዘርዝሩ። ዛሬ የሚከፍሉት ጥቂት ብር ቢሆንም ለጥያቄው ክብደት ይሰጠዋል። ወለዱ በስምምነቱም ጊዜ አይቆምም።

ሥራ ያቆሙባቸው ወራት ካሉ፣ በሕመምም ሆነ በቤት ችግር፣ የሕክምና ወረቀቱን ወይም የአከራዩን ደብዳቤ አብረው ያስገቡ። በባንክ ሲከፍሉ ደግሞ ደረሰኙ ላይ ቲንዎና የግብር ዘመኑ በትክክል መጻፉን ከመስኮቱ ሳይለቁ ይዩ። በተሳሳተ ዘመን የገባ ብር ከእዳዎ አይቀነስም፤ ንግድ ፈቃድ እስከ ታኅሣሥ 30 ሊያድሱ ሲሄዱም ክሊራንሱን (የግብር ዕዳ እንደሌለብዎት የሚያሳየውን ወረቀት) የሚያስከለክለው ይኸው ነው።